ለሁለት የሚበቃ ናፍቆት

ልጃችሁ ቫዮሊን ወይም ፒያኖ እየተማረ ነው? እንግዲያው አንድ ዜማ ልጠቁማችሁ፤ የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ በዘጠነኛው ሲምፎኒው ውስጥ የጻፈውን «ላርጎ»። የተጻፈው ለትልቅ ኦርኬስትራ ቢሆንም፣ ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ፍሪትዝ ክራይስለር ለቫዮሊንና ለፒያኖ አቀናብሮታል። ሁለት ሰው ካለ ሳሎን ውስጥ ይሰማል።

ድቮርዣክ በ1892 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊመራ አገሩን ትቶ ሄደ። እዚያም ሃሪ በርሌይ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተማሪ አገኘ። የበርሌይ አያት በባርነት ያለፉ ሰው ነበሩ። ልጁ ከእሳቸው የሰማቸውን መንፈሳዊ መዝሙሮች ለመምህሩ ይዘምርለት ነበር። ድቮርዣክ በጽሞና አዳመጠ። ሲጽፍ ግን መዝሙሮቹን አልገለበጠም፤ መንፈሳቸውን ይዞ የራሱን ዜማ ፈጠረ። ሲምፎኒው በ1893 በካርኔጊ አዳራሽ ቀረበ። በ1922 ደግሞ የቀድሞ ተማሪው ዊልያም አርምስ ፊሸር ወደ ቤት ስለመመለስ የሚናገር ግጥም ጨመረበት። ዛሬ ብዙ ሰው ዜማውን ጥንታዊ መዝሙር አድርጎ ይቆጥረዋል። ከሰው ኀዘን የተማረ ሁሉ እንዲህ በአክብሮት ቢማር እንዴት መልካም ነበር!

ለእኛ ጆሮም ባዕድ አይደለም። የመክፈቻው ዜማ በአምስት ድምፆች ቅኝት ውስጥ ይሄዳል፤ ድምፆቹም በትዝታ ሜጀር ውስጥ የምናውቃቸው ናቸው። ስለዚህ የምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ «አይገባኝም» የሚሉ አያት እንኳ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ብታዩ አይግረማችሁ።

ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። በኦርኬስትራው ውስጥ የሚጫወተው ኢንግሊሽ ሆርን የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የቫዮሊኑ ደጋን እንደ ትንፋሽ ሳይቸኩል መሳብ አለበት። ልጃችሁ መጀመሪያ ዜማውን በአፉ ያንጎራጉረው፤ የት እንደሚተነፍስ ካወቀ በኋላ ደጋኑን ያንሣ። ፒያኖ ላይ ያለችው እህቱ ደግሞ የኦርኬስትራውን ሥራ ብቻዋን ትሸከማለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወንድሟን መጠበቅ አለባት። እሱም እሷን ሳያዳምጥ ወደፊት መሄድ አይችልም። ለምሳ ዕቃ የሚጣሉ ወንድምና እህት ለጥቂት ደቂቃ እንዲደማመጡ የሚያስገድድ ሌላ ምን አለ?

ብዙዎቻችን ልጆቻችን ፈጥነው፣ ደምቀውና ተጨብጭቦላቸው እንዲጫወቱ እንመኛለን። ይህ ዜማ ግን ለፈተናም ለውድድርም አይቸኩልም። የሚፈልገው የሚናፍቀው ሰው ያለው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በእኛ ዘንድ ሞልቷል። አንዱ ልጅ ዋሽንግተን ነው፣ አንዷ እህት ዱባይ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ፒያኖው ላይ አቁሙና ደውሉላቸው። «እንዴት ናችሁ?» ከተባባላችሁ በኋላ ወሬው ሲያልቅ፣ ልጆቹ ይጫወቱላቸው።