ከሙሽሮቹ ኋላ

ዛሬ አክስቴ ቤት የድሮ አልበም ሳገላብጥ አንድ የሰርግ ፎቶ ያዘኝ። የተነሳው ካዛንቺስ ነው።

ሙሽሮቹን ትቼ ከኋላቸው ያለውን ማየት ጀመርኩ፦ ዝቅ ያለ ቪላ፣ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች፣ ከታች ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር።

ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የተሠራበት ሰፈር ነው። ከነጻነት በኋላ የእኛ ሰው ገባበት፤ ጓሮው ላይ ሰርቪስና ማድ ቤት ተቀጠለ። በ1953 ዓ.ም. እዚያው አቅራቢያ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ።

የአዳራሹ ፎቶ ሞልቷል። የሰፈሩን የውስጥ መንገድ ግን ማን ያነሳዋል? ፎቶ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ነበር። አጥሩና በሩ የገቡት ሳይታሰብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በብዛት ፈረሰ። እነዚህ የቤተሰብ ፎቶዎች አሁን ለእኔ ከካርታ ይበልጡብኛል።

አክስቴን የሰርጉ ፎቶ ጀርባ ላይ ቦታውን ጻፊልኝ አልኳት። «ከዳቦ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ በስተግራ» ብላ ጻፈች። ዳቦ ቤቱ የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው እስካለ መጻፍ አለበት!

እናንተስ? ካዛንቺስ፣ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ የተነሳችሁት ፎቶ ላይ ከኋላ ምን ይታያል? ስታጋሩን ጠርዙን አትቁረጡት፣ እባካችሁ።