ጠላው ከአተላው ሲለይ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ውሻ ነው፤ ያውም ስለ እብዱ።

እንደ እኛ ይፋግ አካባቢ ያደገ ሁሉ ከውሻው ይልቅ መርፌውን ይፈራል። «ሆድህ ላይ ነው የምትወጋው!» እያሉ ታላላቆቻችን ያስፈራሩን ነበር። ማጋነን አልነበረም። ብዙዎቻችን «ፓስተር» በምንለው፣ በዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለአሥርታት ሲመረት የኖረው ፌርሚ የተባለ ክትባት ለአዋቂ 17 ጊዜ ይወጋ ነበር።

ለምን ይህን ያህል? አሠራሩን እንይ። ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ይራባል፤ አንጎሉ ይፈጫል፤ ቫይረሱ በፌኖል ይገደላል። እንግዲህ ብልቃጡ ውስጥ የበግ አንጎልም አለበት፤ ጉልበቱ ደካማ ስለሆነ መርፌው ይደጋገማል። የባሰው ደግሞ የነርቭ ሽፋኑ፣ ማይሊን የሚሉት፣ አብሮ መግባቱ ነው። አልፎ አልፎ የተከታቢው ሰውነት በገዛ ነርቩ ላይ ይነሳና ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ክትባት እንዲቀር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢመክርም፣ እኛ ዘንድ ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላም ይሰጥ ነበር።

በዘመናዊው አሠራር ቫይረሱ የሚራባው ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚያድጉ የጦጣ ኩላሊት ሴሎች ላይ ነው። ከተገደለ በኋላ ማጥራቱ አለ። አስቡት፦ ከ5,000 በላይ ቫይረሶች ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት። በወንፊት አይያዙም! ስለዚህ አንዱ ዘዴ ፈሳሹን ከስኳር ውሃ ጋር በደቂቃ በአሥር ሺዎች ጊዜ በሚሽከረከር ሴንትሪፉጅ ማዞር ነው። የስኳሩ ውሃ ከአንዱ ወገን ቀጭን፣ ከሌላው ወፍራም ነው፤ ቫይረሱ ክብደቱን በሚመጥነው ንብርብር ላይ ይቆማል፣ የሴሉ ፍርፋሪ ሌላ ቦታ ይቀራል። ያቺን ንብርብር መቅዳት ነው። እናቶቻችን ጠላውን ከአተላው እንደሚለዩት ማለት ነው።

ውጤቱስ? 4 ወይም 5 መርፌ፣ ያውም ክንድ ላይ። ይህ ክትባት ወደ አገራችንም ገብቷል።

የመርፌው ወሬ ግን ከመርፌው ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል። ዛሬም «አሥራ ሰባት መርፌ ከምወጋ» ብሎ ሥራሥር ብቻ ይዞ ቤቱ የሚቀመጥ አለ። ጠበሉ ይቅር አላልንም። ነገር ግን በሽታው ምልክት ካሳየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሩጥ።

ቫይረሱን የሚያጠሩ አሉ። ወሬውን ማጥራት ግን የእኛ፣ ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንለው፣ ሥራ ነው።