ፖፖ ያስተማሩኝ ጭጋግ

ሆንግ ኮንግ ስደርስ ጉም ብርቄ አልነበረም፤ የጣርማ በር ልጅ ነኝ። የገረመኝ የአገሩ ሰው ለጉም ያለው የስም ብዛት ነው። የሚነገረውን ካንቶንኛ ከገበያ ለመድኩት። የሚጻፈውን ያስተማሩኝ ግን ቤት ያከራዩኝ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች እኔም «ፖፖ» እላቸው ነበር፣ አያቴ ማለት ነው።

በመጋቢት ሞቃትና እርጥብ አየር ከደቡብ ባሕር ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፣ ወለሉ ውኃ ያወጣል፣ ልብስ አይደርቅም። «ዉይ ናም ቲን» ይሉታል፣ ደቡብ የተመለሰበት ሰማይ። ሰው ሁሉ ሲማረር ፖፖ መስኮቱን ዘግተው ብሩሽና ቀለም ያወጣሉ። መጀመሪያ «ሞው»ን፣ ጭጋግን ጻፉልኝ። ቀጥለው ጤዛን፣ ውርጭን፣ ጠዋትና ማታ ሰማዩን የሚያቀላውን «ሃ»ን። ሁሉም አንድ የዝናብ ምልክት እንደ ነጠላ ተከናንበዋል። «ላም» ብቻ ተለየብኝ፦ ከላይ ተራራ፣ ከሥር ነፋስ፤ ከተራራ የሚነሳ ስስ ጉም ነው። እንደኛው ላም ስለሚጠራ አንዴ ሰምቼው በልቤ ቀረ። «ዪን ዩ» ደግሞ ጢስና ዝናብ ተጣምረው የተጻፉበት ነው፣ ከሩቅ ጢስ የሚመስል ካፊያ። እንዲህ ያለውን ቃል ገበያ ላይ የሚያነሳው የለም፤ በግጥምና በዘፈን ግን ሞልቷል።

ፖፖ የታንግ ዘመን (618–907) ግጥሞችን ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር። በፕ፣ በትና በክ የሚዘጉት ጥንታዊ ድምፆች ከማንዳሪን ጠፍተው በካንቶንኛ ስለቀሩ፣ በሳቸው አፍ ብዙው ግጥም ዛሬም ቤት ይመታል። ትርጉሙ ሳይገባኝ እንኳ ደጋግመው እንዲያነቡልኝ እለምናቸው ነበር።

ከሁሉ የምወደው የታይ ሞ ሻንን ወሬ ነው። 957 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የሆንግ ኮንግ ረጅሙ ተራራ ነው። ስሙ «ትልቁ የባርኔጣ ተራራ» ተብሎ ይጻፋል። በካንቶንኛ ግን ባርኔጣም ጭጋግም «ሞው» ስለሆኑ «ትልቁ የጭጋግ ተራራ» ብለው የጻፉትም አሉ። ፖፖ አጥብቀው የጭጋጉ ወገን ናቸው። አንድ የጸደይ ማለዳ አብረን ስንወጣ የምንረግጠው መንገድ እንኳ አልታይ አለን። ክንዴን ይዘው ቆሙና «ልጄ፣ እስቲ ባርኔጣ ይታይሃል?» አሉኝ።