ልብ መግዛት

አማርኛ ስለ ብስለት ሲናገር «ልብ ገዛ» ይላል። ልጅ ሲጎለምስ፣ ችኩል ሲረጋ፣ ቁጡ ሲታገሥ ልብ ገዛ ይባላል። ለሯጭ ግን ይህ አባባል ከምሳሌነት አልፎ የሥጋ እውነት ነው፤ ዋጋውም የሚከፈለው በላብ ነው።

ጎሕ ሲቀድ የእንጦጦን አቀበት የሚወጡትን ሯጮች የተመለከተ ሰው የሚሠራው እግራቸው ብቻ ይመስለዋል። በደረታቸው ውስጥ ግን ሌላ ግንባታ ይካሄዳል። የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ደም ይሻል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውም ደም ያን ያህል ይበዛል። ይህ ጫና ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ደምን ወደ መላው አካል የሚረጨው የግራ የታችኛው የልብ ክፍል ይሰፋል፤ ግድግዳውም በመጠኑ ይወፍራል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህንኑ ሥራ ያልሠለጠነው ልብ 70 ጊዜ ያህል መትቶ ሲፈጽመው፣ የሠለጠነው በ50 ወይም ከዚያ ባነሰ ምት ያከናውነዋል። እንግዲህ የብርቱ ልብ ምልክት ጩኸት ሳይሆን ዝግታ ነው። ዐቅሙ የሚገለጠው አቀበቱ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከፍተኛው የምቱ ብዛት ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም፤ የሚለየው በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ነው።

ይህ ልብ ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ታይቷል። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄንሸን የተባለ የስዊድን ሐኪም የበረዶ ተንሸራታቾችን ደረት በጣቱ እየመታ መርምሮ የልባቸውን መስፋት አስተዋለ። ከእርሱ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ስፋቱን እንደ በሽታ ፈሩት። በእርግጥም የታመመ ልብ ይሰፋል፤ እርሱ ግን የሚሰፋው እየደከመ ነው፤ የሯጩ ግን እየበረታ። ሁለቱን መለየት ዛሬም የሐኪም ሥራ ነው።

ሆኖም የተገዛ ልብ ርስት አይደለም። ልምምዱ ሲቋረጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገኘውን መመለስ ይጀምራል፤ የትናንት ድልም አያስምረውም። የየዕለቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ይህን ዋጋ አበበ ቢቂላ ያውቀው ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም፣ ተመልካቹ ይወድቃል ሲል፣ እርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን የመኪና አደጋ እግሮቹን ነሣው። ሩጫው በዚያ አበቃ፤ ልምምዱ ግን አላበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ክንዶቹን አሠለጠነ፤ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድርም በቀስት ውርወራ ተሰለፈ።

አማርኛ እንዲህ ያለውንም ሰው ልብ ገዛ ይለዋል።