ዝምተኛው ሽቦ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአበው ብሂል ከአገር ለወጣን ተማሪዎች ስንቅ ነው። በሜልቦርን፣ በፉትስክሬይ ሰፈር፣ ያለ ጎረቤት ክረምቱን የተሻገረ ከመካከላችን የለም። ዳሩ ግን በምናጠናው የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ጎረቤት መከራ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን እዚሁ ተረዳን።

በቺፕ ላይ የመዳብ ሽቦዎች በድርብ በድርብ ይነጠፋሉ፤ በመካከላቸውም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቁስ ይሞላል። ይሁን እንጂ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ሲጓዙ፣ ሳይነካኩ፣ የአንድ ካፓሲተር ሁለት ገጾች ይሆናሉ። አንደኛው ከዜሮ ወደ አንድ በድንገት ሲዘል ዝም ብሎ የተቀመጠውን ጎረቤቱን ይገፋዋል። ግፊቱ ከበረታ ዜሮ የነበረው ለቅጽበት አንድ መስሎ ይነበባል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተለወጡ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ካፓሲታንስ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ መልእክቱም ይዘገያል። ባለሙያዎች ይህን ክሮስቶክ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ያገለገለው ሳይራክ የተባለ ኮምፒዩተር 2,000 ያህል የራዲዮ አምፖሎች ነበሩት፤ ሽቦዎቹም በዓይን የሚታዩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ቺፕ ሽቦው እየቀጠነና እየተቀራረበ ሄደ። ወርዱ ሲጠብ ኤሌክትሪኩ እንዳይታነቅ ቁመቱ በዚያው ልክ አልተቀነሰም፤ በዚህም ምክንያት ጎረቤታሞቹ ሽቦዎች እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

አንድ ታናሽ ወንድማችን የነደፈው ሰርኪዩት እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲፈተን ትክክል ነበር፤ ሁሉም ባንድነት ሲሠራ ግን ይሳሳታል። ስሕተቱ የታየበትን መስመር ሌት ተቀን መርምሮ ጉድለት አጣበት። ጥፋቱን ከራሱ አእምሮ ቆጥሮም ትምህርቱን ሊተው ቆረጠ። ነገሩን በአማርኛ እያብራራን አብረነው አመሸን። ለካስ ያ ሽቦ አንዳች አላጠፋም፤ ከጎኑ ረጅም መንገድ አብሮት የሚጓዝ፣ ያለ ዕረፍት የሚለዋወጥ ሌላ ሽቦ ነበር። ሥፍራ በተገኘበት አራራቅናቸው፤ ሥፍራ በጠፋበት ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ በመካከላቸው አጠርን። ወንድማችንም ትምህርቱን ቀጠለ።

ያ አጥር የሆነው ሽቦ የራሱ መልእክት የለውም፤ ነገር ግን የሌላው መልእክት ሳይበረዝ እንዲደርስ ያደርጋል። በየከተማው የምትገኙ ወገኖች ሆይ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ሲደናቀፍ ጉድለቱን በእሱ ላይ ብቻ አትፈልጉ። በአጠገቡ ምን እንደሚናወጥ አስቀድማችሁ መርምሩ።