ማራ ብሎ የጠራት የለም

ሰው ሲሞት በአገራችን ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች እየተፈራረቁ ያመሻሉ። ትዳር ሲሞት ግን ድንኳን የለም። ከ20 ዓመት በላይ አብሮን የኖረው ሰው ከቤት ሲወጣ ወደ እኛ የመጣው ዝምታ ነበር። ከደወሉልንም ብዙዎቹ ሊያጽናኑን ሳይሆን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊሰሙ ነው።

እኛ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአዲስ አበባ፣ በየተራ በየቤታችን ለጸሎት የምንሰበሰብ ስድስት እህቶች ነን። ታናሻችን 42፣ ታላቃችን 58 ዓመቷ ነው። ሁላችንም በጉባኤ ፊት ቃል ኪዳን ገብተን ያገባን፣ ሁላችንም በፍርድ ቤት የተፋታን ነን። ይህን የምንጽፈው ፍቺን ለማቅለል አይደለም። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ጋብቻ ያስተማረውን እናምናለን፤ ኪዳን ሲፈርስ ምን ያህል እንደሚያምም በገዛ ሕይወታችን አይተናል። የምንጽፈው በዚህ ዕድሜዋ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» ለምትል እህት ነው።

ባለፉት ወራት መጽሐፈ ሩትን አብረን አጥንተናል። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞት ያጣች እንጂ የተፋታች አልነበረችም። ሆኖም ወደ ቤተ ልሔም ስትገባ ሴቶቹ «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቁ፣ ያንን አስተያየት እኛም በየእሑዱ አውቀነዋል። እርስዋም ስሟን ቀየረች፤ ማራ በሉኝ፣ ሙሉ ወጥቼ ባዶ ተመለስሁ አለች። ምሬቷን ከእግዚአብሔር አልደበቀችም፤ በዚህም ሲገሥጻት አናነብም።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ማራ በሉኝ ያለችው በምዕራፍ 1 ቁጥር 20 ላይ ነው። በቁጥር 22 ላይ ተራኪው መልሶ ኑኃሚን ይላታል። ከዚያም እስከ መጽሐፉ ፍጻሜ ድረስ ማራ ብሎ የጠራት አንድም ሰው የለም። እርስዋ ለራሷ ያወጣችውን የሐዘን ስም ቃሉ አልተቀበለውም። እኛም «ፈት» የሚለውን ስም ሌሎች ሳይሰጡን በፊት ለራሳችን ሰጥተን ነበር። እግዚአብሔር ግን በዚያ ስም አይጠራንም።

የተመለሰችውም በገብስ መከር መጀመሪያ ላይ ነው። ባዶ ነኝ ስትል አጠገቧ ሩት ቆማ ነበር፤ እርሻውም ደርሶ ነበር። በምዕራፍ 3 ደግሞ ቦዔዝ፣ ሩት ወደ አማቷ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ብሎ ስድስት መስፈሪያ ገብስ አሸከማት። ባዶ ላለችው ሴት የመጣላት የመጀመሪያው መልስ እህል ነበር።

የእኛም መልስ የመጣው እንዲሁ በትንሽ በትንሹ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ንብረት በመርሕ ደረጃ እኩል እንዲካፈል ይላል። ለመክፈል የማይመች ቤት ሲሸጥ ግን የሚደርሰው ድርሻ ሌላ ቤት ላይገዛ ይችላል፤ ከመካከላችን ሦስቱ በ50 ዓመታቸው ተከራይ ሆነዋል። አንዷ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጣለች። አንዷ ያቋረጠችውን የሒሳብ ትምህርት በማታ ቀጥላ ልጇ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተፈትናለች። በመካከላችን የጀመርነው ዕቁብም የሁለታችንን የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ሸፍኗል።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ከመዘምራን አንዷ «ለጊዜው ዕረፊ» ተብላ ነበር፤ ያ ጊዜ 3 ዓመት ሆኖታል፣ ምክንያቱንም የነገራት የለም። ሌላዋ የልጇ ሠርግ ደርሷል፤ ከልጆቿ አባት ጎን ቆማ ሙሽሮቹን ልትመርቅ ነው። ለእርሱ በረከትን መለመን ይቅርና ስሙን በጸሎት መጥራት እንኳ ያቅታት ነበር። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ትጸልይለታለች፤ አንዳንድ ሐሙስ እርሱም ያቅታታል፣ ያን ጊዜ እኛ እንጸልይላታለን። ይቅርታ ማለት የግድ ወደ አንድ ጣሪያ መመለስ ማለት እንዳልሆነም ተምረናል። ከእኛ መካከል የተደበደበች አለች፤ እርስዋን «ታገሺና ተመለሺ» አንላትም።

በመጽሐፉ መጨረሻ ሩት ኢዮቤድን ስትወልድ ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቿ የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት አሉ። በምዕራፍ 1 በመገረም ሲጠያየቁ የሰማናቸው የዚያችው ከተማ ሴቶች፣ በምዕራፍ 4 ደስታዋን አብረው አወሩ።

ወገኖች ሆይ፣ በጉባኤያችሁ መካከል ብቻዋን የምትቀመጥ እህት ካለች የሆነውን አትጠይቋት፤ አጠገቧ ተቀመጡ። ከአምልኮ በኋላም ምሳ ጋብዟት። አንቺም እህታችን ሆይ፣ ብታለቅሺም አልቅሺ፤ ነገር ግን ማን ከአጠገብሽ እንደቆመ፣ የትኛውም እርሻ እንደደረሰ ቀና ብለሽ ተመልከቺ። በስምሽ የሚያውቅሽ ጌታ የዛሬውን ገብስ ይስጥሽ። አሜን።