ጠጠር የማያውቅ መንጋጋ

እንግዳ ጥርስ ካፋችን ከገባ እነሆ ዓመት ሆነው። ጓደኞቻችን «እንደ ራስህ ጥርስ ይሰማሃል ወይ?» እያሉ ስለማያስቀምጡን፣ አንድ ጊዜ ጽፈን ብንገላገል ይሻላል ብለን ብዕር አነሣን።

የቀኝ መንጋጋችን የተሰበረው ቆሎ ስንቆረጥም ባጋጠመን ጠጠር ነው። ተነቀለና ቦታው ባዶ ቀረ። እናታችን ዘጌ ካለቻቸው የቡና መሬት የሁለት ዓመቱን ሽያጭ አጠራቅመው አዲስ አበባ ላኩን፤ እዚያም የቲታኒየም ችካል ካጥንታችን ተተከለ፤ ከወራት በኋላ ጥርሱ በላዩ ተደረገ። ለዕረፍት ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን ቤት ስንደርስ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ እንደ ጥንቱ ነው?» የሚል ነበር።

«ከጥንቱም ይበልጣል እማዬ» አልን። የሁለት ዓመት ቡና ሌላ ምን ያናግራል?

ማታ ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀረበ። ስንቆረጥም ካፋችን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። ለእኛ ጠንከር ያለች ገብስ መሰለችን፤ መቆርጠማችንንም ቀጠልን። እሳቸው ግን ከረከቦቱ ማዶ ሆነው «ጠጠር ነው፤ ትፋው!» አሉ። ተፋነው፤ ጠጠር ነበር። እርስ በርስ ተያየን፤ ማንም ምንም አልተናገረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ካጥንት ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ጅማት ተይዞ የቆመ ነው እንጂ። የጥርስ ዋናው ስሜት ያለው በዚሁ ጅማት ነርቮች ዘንድ ነው፤ ጥርሱ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሬነማርክ ቲታኒየም ካጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያወቁት በጥንቸል ላይ ሌላ ነገር ሲመረምሩ ነው፤ ለሰውም በ1965 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ተከሉት። ውሕደቱ ጽኑ ስለሆነ ለጅማት ስፍራ የለም። ይሁንና እንዲህ ያለው ጥርስ ጨርሶ የደነዘዘ አይደለም፤ ግፊቱ ባጥንቱ አልፎ ወደ አጥንቱ ልባስ፣ ወደ መንጋጋው መገጣጠሚያና ጡንቻ ይደርሳል። በ1995 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው የተፈጥሮ ጥርስ በአማካይ 11 ግራም ተኩል ገደማ ሲጫነው ያውቃል፤ የተተከለው ግን 100 ግራም ያህል ይፈልጋል። (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግራም መቍጠር ጀመረ ብላችሁ አትሳቁብን፤ ሒሳቡ ካፋችን ውስጥ ነው ያለው።)

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጥርስ መስማትን እየለመድን ነው። የቆሮሶ አጥንት አሁን እናውቃለን፤ ቀጭኑ ግን ዛሬም ያመልጠናል።

ባለፈው ሳምንት ከዘጌ ቆሎ ተላከልን። ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን ጋር ዙሪያውን ተቀምጠን በቀኝም በግራም ቆረጠምነው። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ አንድ ጠጠር አልተገኘበትም።